እናትን ማስጾም የመርሳት በሽታን ያክማልን?

ጠያቂዋ፣ ከሽምብጥ፦ እናቴ አልዛይመር ከያዛት ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ታላቅ ወንድሜ «ጾም የአንጎልን ህዋስ ያጸዳል፤ ያረጀው ማይቶኮንድሪያ የሚወገደው ሆድ ባዶ ሲሆን ነው» ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንዳትቀምስ ይፈልጋል። እኔ በማለዳ አጎርሳታለሁ። ትናንት የፍትፍቱ ወጥ ከጣቷ ሳይደርቅ «ዛሬ ምንም አልቀመስኩም» አለችኝ። ማን ልክ ነው?

የባዮሎጂ መምህር፣ ከፔዳ፦ የወንድምሽ ነገር መሠረት አለው። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ያህሉ ሆኖ ሳለ ከኃይላችን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ኃይሉን የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ሲጎዳ ፒንክ 1 የሚባል ፕሮቲን በላዩ ይከማችና ፓርኪን የተባለውን ይጠራል። ሁለቱ ምልክት ያደርጉበታል፤ ህዋሱም በከረጢት ጠቅልሎ ላይሶዞም ወደሚባለው መፍጫ ይልከዋል። በአልዛይመር ይህ ጽዳት ይዳከማል። በ2019 የወጣ ጥናት፣ ጽዳቱ ሲነቃቃ የታመሙ አይጦች ትውስታ መሻሻሉን አሳይቷል። በታማሚው አንጎል የሚከማቸውን አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን የሚጠርገው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት እንኳ በ18 ወር ሙከራ የሕመሙን መባባስ በ27 በመቶ አዘገየ እንጂ አላቆመም። ስለዚህ ሌላ በር ማንኳኳት ነውር የለውም።

ነርስ፣ ከቀበሌ 14፦ መምህር፣ በዚያ ጥናት አይጦቹን የረዳቸው የተሰጣቸው ንጥረ ነገር ነው፤ ጾም አይደለም። ደግሞ ቆሻሻን መሰብሰብና ማስወገድ ለየቅል ናቸው። በፎገራ ዳርቻ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ እንቦጭ ሲነቅል አይቻለሁ። የተነቀለው ካልተጓጓዘ እዚያው ዳር ይከመራል፣ ይበሰብሳል። የአልዛይመር የነርቭ ህዋስም እንዲሁ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ያልተፈጩ ከረጢቶች ተጨናንቀውበታል፤ ላይሶዞሙ ደክሟልና። መጫኛው በተበላሸበት ቦታ ነቃዩን ብታበዛው ክምሩ ነው የሚያድገው። እህቴ፣ እናትሽ ክብደት ቀንሰዋል ወይ? የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ? በዚህ ሕመም ክብደት መቀነስ የተለመደ ነው፤ ስኳራቸው ዝቅ ካለ ደግሞ በአንድ ቀን ልታጪያቸው ትችያለሽ።

መምህር፦ ስለ መፍጫው ያልሽው ትክክል ነው፤ አልከራከርም። ግን ጽዳቱ መዳከሙ የበሽታው መነሻ ነው ወይስ ውጤት? አሚሎይድና ታው የሚባለው ሌላው ፕሮቲንም ጽዳቱን ያደናቅፋሉ፤ የተጠራቀመው ማይቶኮንድሪያ ደግሞ እነርሱን ያባብሳል። ጽዳቱን ችላ ብለን የትም አንደርስም።

ነርስ፦ ችላ ይባል አላልኩም። ይመርመር፣ መድኃኒትም ይፈለግለት። የምርምሩ ማስያዣ ግን የአንዲት አሮጊት ቁርስ አይሁን!

ዲያቆን፣ ከዘጌ፦ አንድ ቃል ብቻ። ጾም የታመመን ሰው አያስገድድም። ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ።

ታላቅ ወንድም፦ ወንድሟ እኔ ነኝ። እናቴን በረሃብ ልቀጣት አይደለም። ባለፈው እሑድ ስሜን አልጠራችም፤ «ልጄ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። የሚዋጥ መድኃኒት አጣሁላት፤ ያነበብኩትን ያዝኩ። ስለ ከረጢቱ ዛሬ ነው የሰማሁት። ክብደቷ ቀንሷል፤ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አስጠብበናል።

ጠያቂዋ፦ ወንድም ዓለም፣ ነገ በማለዳ ና። ፍትፍቱን እኔ እሠራለሁ፣ አንተ አጉርሳት።