ለድመቴ የሠራሁት መቧጠጫ እየተነቃነቀ አስቸገረኝ

ድመቴ ሶፋውን ልትጨርሰው ስለሆነ ከእንጨት መቧጠጫ ምሰሶ ሠራሁላት። ውፍረቱ 9፣ ቁመቱ 80 ሳንቲሜትር ነው። ያስረዘምኩት ተንጠራርታ እንድትቧጥጥበት ብዬ ነው። ዙሪያውን የቃጫ ገመድ ጠምጥሜ ጫፎቹን በኮላ አጣብቄያለሁ። ገመዱን በጣም ወዳዋለች፤ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ያስቸገረኝ መቆሚያው ነው። ምሰሶውን 40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ጣውላ ላይ ከሥር በአንድ ረጅም ብሎን አሰርኩት። ክብደቷን ስትጥልበት ግን ይነቃነቃል። ያኔ ትደነግጥና ወደ ሶፋው ትመለሳለች። ድመት የሚወዛወዝ ነገር አታምንም። ብሎኑን ባጠብቀውም ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይላላል። ጣውላው ላይ ድንጋይ ስጭንበት መውደቁ ቀረ፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለው መነቃነቅ ግን እንዳለ ነው።

ገመዱን ሳልፈታ ምሰሶውን ከጣውላው ጋር እንዴት አድርጌ ላጠንክረው?