ኮራል እንዴት ይራባል? የሪፍ ጤንነትስ በምን ይታወቃል?

የሥነ ሕይወት መምህርት (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በኮምቦልቻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። በቤተ ሙከራችን መደርደሪያ ላይ የጨው ጭነት የሚያመላልስ አንድ አሽከርካሪ ከሰሜን አፋር ያመጣልን ነጣ ያለ የኮራል ድንጋይ አለ፤ ፊቱ በሙሉ ኮከብ በሚመስሉ ጥቃቅን ጎድጓዳ ምልክቶች የተሸፈነ ነው። እያንዳንዱ ምልክት ፖሊፕ የሚባል ትንሽ እንስሳ ይኖርበት የነበረ ቤት መሆኑን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው፣ አንዲት ተማሪ «ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ከማን ጋር ተገናኝቶ ይወልዳል?» ብላ ጠየቀች። ስለ ኢጾታዊ ርቢ፣ ማለትም አንዱ ፖሊፕ እየተከፈለ ወይም እያቆጠቆጠ ስለ መብዛቱ አስረድቻታለሁ፤ ጾታዊ ርቢውን ግን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ቢያብራራልን እመርጣለሁ። ልጅቷ ይህንኑ ሙያ የመማር ፍላጎት አላትና፣ ባሕር በሌለበት አገር ከምን ብትጀምር እንደሚሻል ምክር ብትጨምሩልን ውለታችሁ አይረሳም።

የባሕር ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ (የደሴ ልጅ)

ውድ መምህርት፣ የተማሪዎ ጥያቄ ባለሙያዎችም ለረጅም ጊዜ በትክክል ያልመለሱት ጥያቄ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኞቹ ኮራሎች እጫቸውን በሆዳቸው አሳድገው እንደሚለቁ ይታመን ነበር። በአውስትራሊያ ግሬት ባሪየር ሪፍ (ሪፍ ማለት ኮራሎች ባሕር ውስጥ የገነቡት አለት መሰል ክምር ነው) ላይ ሌሊት እየጠለቁ የተመለከቱ ወጣት ተመራማሪዎች ግን፣ በርካታ ዝርያዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጨረቃ ሙሉ ከሆነች በኋላ ባሉት ጥቂት ሌሊቶች ውስጥ እንቁላላቸውንና የወንዴ ዘራቸውን ወደ ውሃው እንደሚለቁ አረጋገጡ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ታተመ። እጫቸውን በውስጣቸው የሚያሳድጉ ዝርያዎች አሉ፤ ቁጥራቸው ግን አነስተኛ ነው።

ሁኔታው በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። አመሻሹ ላይ በየፖሊፑ አፍ ሥር ሐምራዊ ወይም ቀላ ያለ፣ ዶቃ የሚመስል ጥቅል ብቅ ይልና ለጥቂት ደቂቃዎች እዚያው ይቆያል። ከዚያ የመንጋው፣ ማለትም ተያይዘው እንደ አንድ አካል የሚኖሩት፣ ፖሊፖች በሙሉ አንድ ላይ ይለቁታል። አብዛኞቹ ኮራሎች ሁለቱንም ጾታ በአንድ አካል የያዙ በመሆናቸው በጥቅሉ ውስጥ እንቁላልም የወንዴ ዘርም ይገኛል። እንቁላሉ ስብ ስላለው ጥቅሉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ የውሃው ገጽ ላይ ሲደርስ ይፈታና ከሌላ መንጋ ከመጣ ዘር ጋር ይገናኛል። ለተማሪዎ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ ወላጆቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ዘራቸው ይገናኛል።

ወቅቱን በዋናነት የባሕሩ ሙቀት፣ ሌሊቱን የጨረቃ ብርሃን፣ ሰዓቱን ደግሞ የፀሐይ መጥለቅ ይወስኑታል። ኮራል ዓይን ባይኖረውም ብርሃን የሚለዩ ፕሮቲኖች አሉት። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያስፈለገው ዘሩ ለመፀነስ የሚበቃው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሆነና በሰፊው ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበተን ነው፤ ዓሦቹም ከብዛቱ የተነሣ ሁሉንም በልተው አይጨርሱትም። ከተፀነሰው እንቁላል የሚወጣው ፕላኑላ የሚባለው እጭ ለቀናት ከዋኘ በኋላ፣ አለት ላይ የሚለጠፉ ሮዝ መልክ ያላቸው አልጌዎችን የኬሚካል ምልክት ተከትሎ ማረፊያውን ይመርጣል። አብዛኛው ግን እዚያ ሳይደርስ ያልቃል።

አጥብቄ ልናገር የምፈልገው ቀጥሎ ያለውን ነው። የሪፍ ጤንነት ብዙውን ጊዜ የሚለካው የባሕሩ ወለል ምን ያህሉ በሕያው ኮራል እንደተሸፈነ በማየት ሲሆን፣ ይህ መለኪያ ብቻውን ሊያታልለን ይችላል። ቶም ሽሌዚንገርና ዮሲ ሎያ በሰሜን ቀይ ባሕር፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ ለአራት ዓመታት ከ200 በላይ ሌሊቶች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ አንዳንድ በብዛት የሚገኙ ዝርያዎች የመራቢያ ጊዜያቸው እንደተዘበራረቀ አሳይተዋል። የእነዚህ ዝርያዎች ትልልቅ መንጋዎች በሕይወት አሉ፤ የሚተካቸው ግልገል ግን እምብዛም አልተገኘም። እንዲህ ያለው ሪፍ ከላይ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ከሥር ግን ተተኪ እያጣ ነው። ስለዚህ ሌሊት ጠልቆ የርቢውን ቀንና ሰዓት መመዝገብ፣ አድካሚ ቢሆንም፣ ሌላ መለኪያ የማይነግረንን ነገር ይነግረናል።

የጂኦሎጂ መምህር (ደሴ)

ስለ ድንጋዩ ጥቂት ልጨምር። ዛሬ ከባሕር ጠለል በ100 ሜትርና ከዚያም በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የዳናኪል ረባዳ ምድር በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። በዳርቻው ካሉት የኮራል ቅሪቶች መካከል የታወቁት ወደ 125 ሺህ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ናቸው። ተማሪዎቹ ከተራራችን ወርደው በእግራቸው ሊረግጡት የሚችሉት ሪፍ ነውና እንደ ቀላል ባይታይ መልካም ነው።

ለወንድሜ ለተመራማሪው አንድ ጥያቄ አለኝ። የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራሎች ሙቀትን በመቋቋም የታወቁ ናቸው ይባላል። ይህ እርስዎ ከጠቀሱት ጥናት ጋር አይጋጭም?

የባሕር ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ (የደሴ ልጅ)

አይጋጭም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባሕሩ ከተለመደው ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ልቆ ለሳምንታት ሲቆይ፣ ኮራል በሰውነቱ ውስጥ አብረውት እየኖሩ የሚመግቡትን አልጌዎች ያጣና ይገረጣል። የሰሜኖቹ ይህን በተሻለ ሁኔታ የሚቋቋሙበት ምክንያት፣ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ካለፈው የበረዶ ዘመን በኋላ አያቶቻቸው የገቡት ሞቃታማ በሆነው የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል በመሆኑና ያንን ያለፉት ብቻ ወደ ሰሜን በመዝለቃቸው ነው። ሙቀትን የተቋቋመ ኮራል ግን ዘሩን ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ሌሊት ካልለቀቀ አይተካም።

ግርጣቱም ቢሆን ርቢውን ይጎዳል። ግሬት ባሪየር ሪፍ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 በተከታታይ ከተገረጣ በኋላ፣ በ2018 መጥተው ያረፉት እጮች ቀድሞ ከነበሩት በ89 በመቶ ቀንሰው ተገኝተዋል።

ወደ ተማሪዎ ልመለስ። የኮራል ዘመድ የሆነው ሃይድራ በጣፋጭ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ከሐይቅ ዳርቻ ወይም ረጋ ካለ ንጹሕ ውሃ የተቀጠፈ የውሃ ተክል በብርጭቆ አድርጋ ለአንድ ቀን ብታሳድርና በማጉያ መነጽር ብትፈልግ፣ ከግንዱ ላይ ግልገል ሲያቆጠቁጥ ልታይ ትችላለች። በየቀኑ ትሣል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የውሃውን ሙቀት ትመዝግብ። እኛም ባሕር ውስጥ የምንሠራው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ሥነ ሕይወት ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን የዓሣ ሀብት ትምህርት ብትመርጥ ጥሩ መነሻ ይሆናታል፤ ስታቲስቲክስን ግን ከአሁኑ ትያዘው።

የሥነ ሕይወት መምህርት (ኮምቦልቻ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመጪው ቅዳሜ ከሳይንስ ክበባችን ጋር ወደ ሐይቅ እንሄዳለን፤ ሃይድራ ካገኘን የልጆቹን መዝገብ እዚሁ አቀርበዋለሁና እርማታችሁን እንዳትነፍጉን አደራ።