አስቸኳይ፦ የሞዴል መኪናዬ ቀለም ክሊር ስረጭበት ተጨማደደ

ቀይዋ_ኩፔ፦
እባካችሁ፣ ያላችሁ ሁሉ ድረሱልኝ። የሞዴሌ ቦዲ ዓይኔ እያየ እየተበላሸ ነው። 1/24 ኩፔ ነው፤ ከእውነተኛው ሃያ አራት ጊዜ ያነሰ። ቀዩ ቀለም አንድም እንከን ሳይኖረው ወጥቶልኝ ነበር። አሁን ክሊር (ከቀለሙ ላይ የሚረጨውን ግልጽ ሽፋን) ስረጭበት ጣሪያውና ኮፈኑ ተጨማደደ። በሮቹ ላይ ትንሽ ትንሽ ይታያል፤ የኋላው ደኅና ነው። እርጥብ ሳለ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ልጥረገው? ወይስ ሌላ ክሊር ብደርብበት ይተኛል? ሞዴሉን ቅዳሜ ለወንድሜ ልደት መስጠት አለብኝ፤ እውነተኛዋን መኪና ለዓመታት ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። ክሊሩ ያረጀ ይመስለኛል። ፍጠኑልኝ።

ፈጣኑ፦
አትንኪው! የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን ከጠረጴዛው ላይ አንሺ። አብዛኛው አሴቶን ነው፤ አሴቶን ደግሞ ቀለሙን አስለቅቆ አያቆምም፣ ሞዴሉ የተሠራበትን ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪኑን ራሱን ያሟሟል። የበሮቹ መስመሮች፣ መያዣዎቹ፣ ሁሉም ይጠፋሉ። ሌላ ክሊርም አትደርቢ። ቦዲውን አቧራ በማይገባበት ሳጥን ክደኚውና ራቂው።

ደመና፦
እርጥበት ነው። አየሩ እርጥበት ሲኖረው ክሊር አይረጭም።

ባለ_ብሩሹ፦
ደመና፣ እርጥበት ላከር የሚባለውን ቀለም ነጭ ጉም ያለብሰዋል እንጂ አያጨማድደውም። የተጨማደደው ሌላ ነገር ነው።
እኅቴ፣ ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። ቀዩ የትኛው የቀለም ዓይነት ነው፦ ኢናሜል፣ ላከር ወይስ አክሪሊክ? መቼ ተቀባ? ከሥሩ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ) አለው? የክሊሩ ጣሳ ጀርባ ላይ ምን ይላል? ይህ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ግምት ነው።

ቸርኬ፦
አልኮል ውስጥ ንከሪው። አይሶፕሮፒል፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን። ፕላስቲኩን አይነካም፣ ቀለሙን ያነሳል።

ያልተከፈተ_ሳጥን፦
እኔ ከመነሻው አልስማማም። ኪቱ (የሚገጣጠሙት ክፍሎች ያሉበት ሳጥን) ፋብሪካው ማምረት ያቆመው ዓይነት ከሆነ መከፈት አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ሳጥን የያዘ ሰው የሚጠብቀው ቅርስ ነው የያዘው፤ አንዴ ከተከፈተ፣ ክፍሎቹ ከፍሬማቸው ከተቆረጡ፣ ተመልሶ የሚመጣ ነገር የለም። ለወንድምሽ ደስታ ከሆነ የታሸገውን ብትሰጪው ይሻል ነበር።

ጋሽ_ሻንሲ፦
ልጄ፣ ተረጋጊ። ፕላስቲኩ እስካልቀለጠ ድረስ የጠፋ ነገር የለም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚመጣ ዛሬ ከሥሩ ላስረዳ።

ላከርና ኢናሜል የሚደርቁበት መንገድ አይገናኝም። ላከር የሚደርቀው ማሟሟያው ተንኖ ሲያልቅ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከዓመታት በኋላ እንኳ የራሱ ማሟሟያ ሲነካው ተመልሶ ይለሰልሳል። ኢናሜል ግን ማሟሟያው ከተነነ በኋላ ገና ሥራ ይቀረዋል። ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ይህ ቀናት ይወስዳል፤ ወፍሮ ከተቀባ ሳምንታትም ይፈልጋል። በመካከሉ ላዩ እንደ ወተት ስልባቦት ይይዛል፣ ሥሩ ግን ለስላሳ ነው። በዚያ ላይ የላከር ክሊር ሲያርፍ ማሟሟያው ስልባቦቱን ዘልቆ ይገባል፤ ላዩ ያብጣል፣ የሚዘረጋበት ቦታ ሲያጣ ይጨማደዳል። ጣሪያውና ኮፈኑ የባሰባቸው ወደ ላይ ጠፍጣፋ ስለሆኑ ነው፤ ቀለሙም ክሊሩም እዚያ ይከማቻል።

ስለዚህ ቀዩ ኢናሜል ከሆነ ክሊሩ አላረጀም፣ አልተበላሸምም። ደንቡ ይህ ነው፦ ኢናሜል በደረቀ ላከር ላይ ይቀመጣል፤ ላከር ግን በኢናሜል ላይ አይቀመጥም። ጣሳም ስትገዙ የላዩን ፊደል አንብቡ። የጃፓኑን ሞዴል አምራች የታሚያን ብንወስድ ቲኤስ የሚለው ለፖሊስታይሪን የተሠራ ላከር ነው፤ ፒኤስ የሚለው ግን በሪሞት ለሚነዱ መኪናዎች የፖሊካርቦኔት ቦዲ ነው፣ እኛ በምንገጣጥመው ፕላስቲክ ላይ መረጨት የለበትም። ትንንሾቹ የኤክስና የኤክስኤፍ ጠርሙሶች ደግሞ አክሪሊክ ናቸው።

ቀይዋ_ኩፔ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ። ቀዩ ኢናሜል ነው፤ ትናንት ማታ ነው የረጨሁት። ፕራይመሩ ግራጫ ላከር፣ ክሊሩም ላከር ነው። ግን ደርቆ ነበር! በጣቴ ነክቼው ምንም አልያዘኝም። አሁን መጨማደዱ ቆሟል፤ ያለው ግን እንዳለ ነው። ለቅዳሜ ምን ላድርግ? ስለ ሳጥኑ ክርክር ሌላ ጊዜ፣ እባካችሁ።

ባለ_ብሩሹ፦
በጣት መንካት ላዩን ብቻ ነው የሚነግርሽ። አፍንጫሽን አስጠግተሽ አሽትቺው። የቀለም ሽታ ካለው ሥሩ ገና ነው።

ቸርኬ፦
እንዳልኩት አልኮል ውስጥ ይነከር። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንን ነው።

አራት_በር፦
ለሳጥን ወዳጃችን አንድ ነገር ልበል። የታሸገ ሳጥንም ውስጡ ያረጃል። ዲካሉ (ቦዲው ላይ የሚለጠፈው የታተመ ምልክት) ይቢጫል፣ ሙጫው ይሰነጣጠቃል። የቪኒል ጎማዎቹ ከመስታወቱ ወይም ከቸርኬው ጋር ተነካክተው ለዓመታት ከተቀመጡ የሚያለሰልሳቸው ኬሚካል ወደ ፕላስቲኩ እየፈለሰ ያቀልጠዋል። የምትጠብቁት ሳጥን ካለ ቢያንስ ጎማዎቹን በተለየ ከረጢት አስቀምጡ። ኪት የተሠራው ደግሞ እንዲገጣጠም ነው።

ጋሽ_ሻንሲ፦
አራት_በር እውነት ነው። እነዚህ ኪቶች ምን ያህል ተደክሞባቸው እንደሚወጡ ያየ ሰው ሳይገጥማቸው ማደር አይችልም። ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣውን የ1/12 ፖርሽ 934 ሲያዘጋጅ በኋላ የኩባንያው መሪ የሆኑት ሹንሳኩ ታሚያ እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝተው አሠራሩን ለማወቅ እስከ መፍታት ደርሰዋል። ያ ሁሉ ድካም በካርቶን ውስጥ እንዲተኛ አልነበረም።

ያልተከፈተ_ሳጥን፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን ሁሉም ሳጥን ቢከፈት የሚቀጥለው ትውልድ ምን ያያል? የጎማውን ምክር ግን እቀበላለሁ፤ ዛሬውኑ እለያቸዋለሁ።

ሚዛን24፦
እኅቴ፣ ጊዜሽ አጭር ስለሆነ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የማየው።

አንደኛው ሁሉንም አስነስቶ እንደገና መጀመር ነው። ለቅዳሜ የሚያዋጣው ይሄኛው ይመስለኛል። ኢናሜሉ ገና ስላልጠነከረ አልኮሉ ሊያነሳው ይችላል፤ የደረቀ አሮጌ ኢናሜል ቢሆን ኖሮ ግን የቸርኬ ምክር ብዙም ባልሠራ ነበር። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ንከሪው፣ በየጊዜው አውጥተሽ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቀስታ ፈትጊው። የፊት መስታወቱን የሚይዙት ቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ እጅሽ እንዳይከብድ፤ ከሁሉ ቀድመው የሚሰበሩት እነርሱ ናቸው። ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አጠገብ አትሥሪ። እምቢ ካለ ኮስቲክ ሶዳ ያለው የምድጃ ማጽጃ ኢናሜልን ያነሳል፤ እርሱ ግን ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነካም። ከአልኮሉ በደንብ ታጥቦ ሳይደርቅ ደግሞ ማጽጃው አይደረብበትም። በመጨረሻ በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ እጠቢው፣ ፕራይመር ቀቢው፣ ከዚያ ቀዩንም ላከር አድርጊው። ላከር በሰዓታት ውስጥ ሌላ እጅ ይቀበላል፤ ክሊሩም ከራሱ ወገን ላይ ስለሚያርፍ አይጣላም። የመጀመሪያዎቹ እጆች ስስ ይሁኑ፣ እንደ ጭጋግ ብቻ ይረፉ።

ሁለተኛው መንገድ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሽታው እስኪጠፋ ትተዪዋለሽ፤ ከዚያ የተጨማደደውን በ1000 የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስሽ ታስተካክያለሽ፣ በ2000 ታለሰልሺዋለሽ፣ ጣሪያውንና ኮፈኑን ብቻ በኢናሜል ትደግሚያለሽ። ክሊር አያስፈልገውም፤ አንጸባራቂ ኢናሜል በራሱ ያበራል። ይህ ለቅዳሜ አይደርስም።

በሁለቱም መንገድ ቀለሙን ቦዲው ላይ ከማሳረፍሽ በፊት በፕላስቲክ ማንኪያ ወይም በኪቱ ትርፍ ፍሬም ላይ ቅደም ተከተሉን ሞክሪ፦ ፕራይመር፣ ቀለም፣ ክሊር። የሚጣላ ከሆነ እዚያው ይታያል።

ፈጣኑ፦
ማድረቂያ ሳጥን ካለሽ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴልሲየስ አይለፍ። የፀጉር ማድረቂያ አስጠግተሽ አታድርጊ፤ ጣሪያው ይጣመማል።

ጀማሪ_ገጣጣሚ፦
ይቅርታ፣ የእኔም ተመሳሳይ ነው። ኪቴ 1/25 ነው፤ የእኅታችን ቦዲ ከተበላሸ የእኔን ሻንሲ እርሷ ብትወስደው ወይም እኔ ቦዲዋን ብወስድ ይገጥማል? ሁለታችንም ያው አንድ መኪና ነው የያዝነው።

አራት_በር፦
አይገጥምም። 1/24 ከኢንች ስሌት የመጣ ነው፤ ግማሽ ኢንች ለአንድ ጫማ። 1/25 ከአሜሪካ የመኪና ማስተዋወቂያ ሞዴሎች የወረደ ነው። ርዝመቱ 4.32 ሜትር የሆነ መኪና በ1/24 18 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ በ1/25 ደግሞ 17.28። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የጎማው መሐል ከቦዲው ቅስት መሐል ጋር ሲሳሳት ግን ወዲያው ያስታውቃል። ሞተርና ወንበር መዋዋስ ይቻላል፣ ማንም አያስተውልም።

ደመና፦
አሁንም እርጥበቱን እንዳትረሱ እላለሁ። ላከሩን እንደገና ስትረጪ ዝናባማ ቀን አትምረጪ፤ ያኔ የእኔ ምክር ይሠራል።

ባለ_ብሩሹ፦
በዚህኛው እስማማለሁ።

ቀይዋ_ኩፔ፦
ሚዛን24፣ ምክርህ ገባኝ። ማንኪያዎቹን አሁን እየረጨሁ ነው፣ ቦዲው አልኮል ውስጥ ገብቷል። ቀዩ መነሳት ጀምሯል፤ ክሊሩ ግን እንደ ስስ ላስቲክ እየተላጠ ነው። ይህ ጤናማ ነው?

ሚዛን24፦
ጤናማ ነው። በጥፍርሽ አትጎትቺው፣ ራሱ ይላቀቅ። የበሮቹ መስመሮች ውስጥ የሚቀረውን በጥርስ መጎርጎሪያ አውጪው፤ በብረት አትነካኪው።

ቸርኬ፦
አልኮል ብዬ ነበር!

ጀማሪ_ገጣጣሚ፦
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የክሮም ቸርኬዎቼ ሲቆረጡ ጫፋቸው ተላጠ። ክሮሙን ሙሉ በሙሉ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ አልኮሉ ይሠራል?

ጋሽ_ሻንሲ፦
ለክሮሙ በረኪና ነው የሚያስፈልግህ፤ ፕላስቲኩን ሳይጎዳ ያነሳዋል። ከሥሩ የሚቀር ቢጫ የላከር ሽፋን ካየህ እርሱን አልኮል ያወጣዋል። ሁለቱን ግን በአንድ ዕቃ ውስጥ እንዳታገናኛቸው፤ መርዛማ ነገር ይፈጥራሉ። በመጀመሪያ በረኪናው፣ ከዚያ በብዙ ውሃ መታጠብ፣ ከዚያ መድረቅ፣ ከዚያ አልኮሉ። ቀይዋ፣ ቅዳሜ እንዴት ሆነ? ላከሩ ተቀመጠልሽ?