አራት ጎኑ ብቻ የተለካ ማሳ ስፋቱ ስንት ነው?

ጥያቄ፦ የዋርካው ሥር

ጤና ይስጥልኝ። እናታችን በምሥራቅ ጎጃም በስሟ የተመዘገበ አንድ ማሳ አላት። ዕድሜዋ ስለገፋና እኛ ልጆቿም ከተማ ስለምንኖር፣ ማሳውን ለሁለት ዓመት ለጎረቤታችን ለማከራየት ተስማምተናል። ኪራዩ የሚታሰበው በጥማድ ሲሆን በአካባቢያችን 4 ጥማድ 1 ሄክታር ተብሎ ስለሚቆጠር፣ አንዱ ጥማድ 2500 ካሬ ሜትር ነው ማለት ነው። በቀድሞው የይዞታ ደብተር ላይ የሰፈረው ልኬት በገመድና በግምት የተወሰደ በመሆኑ ሁለታችንም አላመንነውም። ስለዚህ ባለ 50 ሜትር መለኪያ ይዤ አራቱንም ጎን ራሴ ለካሁ፦ ከዋርካው እስከ ግጦሹ ጥግ 104 ሜትር፣ ከግጦሹ ጥግ እስከ ወንዙ 120 ሜትር፣ ከወንዙ እስከ ድንበር ድንጋዩ 78 ሜትር፣ ከድንጋዩ ተመልሶ እስከ ዋርካው 50 ሜትር።

ሒሳቡን የሠራሁት በአገራችን እንደተለመደው ፊት ለፊት የሚተያዩትን ጎኖች አማካይ በመውሰድ ነው። የ104 እና የ78 አማካይ 91፣ የ120 እና የ50 አማካይ ደግሞ 85 ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲባዙ 7735 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከ3 ጥማድ ትንሽ የሚበልጥ ስፋት ይሰጣሉ። ጎረቤታችን ግን «ይህን ማሳ ስንት ዓመት አርሼዋለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ በሬዎቼን እፈታለሁ፤ ሦስት ጥማድ አይሞላም» ይላሉ። እሳቸው ሐሰት የሚናገሩ ሰው አይደሉም፤ የእኔም ልኬት በጥንቃቄ የተወሰደ ነው። ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የጂኦሜትሪ መምህር

ልኬትዎ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስሕተቱ ያለው በሒሳቡ መንገድ ላይ ነው። የአራት ጎኖች ርዝመት ብቻውን የአንድን መሬት ስፋት አይወስንም። መጋጠሚያው የላላ የጠፍር አልጋ አስቡ፦ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል አራቱ እንጨቶች አይረዝሙም፣ አያጥሩም፤ በመካከላቸው ያለው ቦታ ግን እየጠበበ ይሄዳል። አራቱም ጎኖቹ 50 ሜትር የሆኑ መሬት ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ 2500 ካሬ ሜትር ነው። ያው መሬት አዘንብሎ ከጥግ እስከ ጥግ ያሉት ሁለት ሰያፎች 96 ሜትርና 28 ሜትር ቢሆኑ ግን ስፋቱ 1344 ካሬ ሜትር ብቻ ይሆናል። የአማካዩ መንገድ ለሁለቱም 2500 ነው የሚለው።

ይህ መንገድ በእኛ አገር ብቻ የተለመደ አይደለም። በግብፅ፣ በኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅን በገዙት የግሪክ ዘር ነገሥታት፣ በበጥሊሞሳውያን ዘመን የተቀረጸው የመሬት መዝገብ የአራት ጎን ማሳዎችን ስፋት ያሰላው በዚሁ ዘዴ ነው። ሦስት ጎን ያለው ማሳ ሲያጋጥም አራተኛውን ጎን «ምንም» ብለው ያው ስሌት ላይ ያስገቡት ነበር። ዘዴው ዕድሜ ጠገብ ይሁን እንጂ ከእውነተኛው ስፋት አንሶ አያውቅም፤ ማዕዘኖቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ካልሆኑ በቀር ሁልጊዜ ያበዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁለት ጎኖቹ የታወቁ ሦስት ማዕዘን ከፍተኛውን ስፋት የሚይዘው በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ሲሆን ነው። ማሳውን በአንዱ ሰያፍ ብንከፍለው ሁለት ሦስት ማዕዘኖች እናገኛለን፤ በሌላኛው ሰያፍ ብንከፍለውም እንዲሁ። የእነዚህን የአራቱን ከፍተኛ ስፋት ደምረን ለሁለት ስናካፍል የምናገኘው ልክ ያንኑ የአማካዮቹን ብዜት ነው። ስለዚህ እርስዎ ያሰሉት ስፋት ማሳው ሊኖረው ከሚችለው ጣሪያ በላይ እንጂ በታች አይደለም፤ በዚህ ረገድ የጎረቤትዎ ንግግር ከሒሳቡ ጋር ይስማማል።

የሚጎድልዎ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከዋርካው እስከ ወንዙ ጥግ ያለውን ሰያፍ ይለኩ። ከዚያ በኋላ ማሳው ሁለት ሦስት ማዕዘን ስለሚሆን፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የነበረው ሄሮን ባስረዳው ቀመር ስፋቱን ያለ ምንም ግምት ማግኘት ይቻላል።

የዋርካው ሥር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ችግሩ አሁን ማሳው ላይ የደረሰ ጤፍ መኖሩ ነው። መለኪያ እየጎተትኩ በመካከሉ ማለፍ አልችልም፤ አጨዳው ገና ሳምንታት ይቀሩታል፤ ውሉን ግን በዚህ ሳምንት መፈራረም አለብን።

መልስ 2፦ ግንበኛ

ጤፉን ሳይረግጡ ሰያፉን ማወቅ ይችላሉ። እኛ መሠረት ስናወጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን የምናረጋግጠው፣ በአንዱ ሲባጎ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ምልክት አድርገን በመካከላቸው 5 ሜትር መኖሩን በማየት ነው። 5 ሜትር ካልሆነ ማዕዘኑ ተዛብቷል፤ የተዛባበትን መጠን ደግሞ ያ ክፍተት ራሱ ይነግረናል። በእርስዎ ማሳም የግጦሹን ጥግ ይምረጡ፤ ከጀርባው ክፍት ሜዳ መኖሩን ከስሙ ተረድቻለሁ። ሁለቱን የማሳ ድንበሮች በሲባጎ ከጥጉ አልፈው ወደ ግጦሹ በቀጥታ ያስረዝሟቸው። ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ሲቋረጡ ፊት ለፊት የሚተያዩት ማዕዘኖች እኩል ስለሆኑ፣ ውጭ ላይ የሚለኩት ማዕዘን የማሳው የራሱ ማዕዘን ነው። በእያንዳንዱ ሲባጎ ላይ ከጥጉ 20 ሜትር ርቀው ካስማ ይትከሉና በሁለቱ ካስማዎች መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ።

ሲባጎው እንዲወጠር፣ ካስማውም ዘንበል እንዳይል ይጠንቀቁ፤ ከተቻለ ቱንቢ ይጠቀሙ። እዚህ ላይ 10 ሳንቲም ቢሳሳቱ ሰያፉ ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ሆኖ ይወጣል። ክንዶቹን 10 ሜትር ብቻ ቢያደርጓቸው ደግሞ ያው 10 ሳንቲም ከአንድ ሜትር በላይ ስሕተት ይሆናል፤ 20 ሜትር ያልኩዎት ለዚህ ነው።

የዋርካው ሥር

ዛሬ ጠዋት ከጎረቤታችን ጋር አብረን ለካን፤ ሲባጎውን የያዙት እሳቸው ናቸው። በሁለቱ ካስማዎች መካከል ያለው ርቀት 19 ሜትር ከ84 ሳንቲም ሆነ። ሦስት ጊዜ ደጋግመን ለክተን ልዩነቱ ከ3 ሳንቲም አልበለጠም። ከዚህ በኋላ ያለውን ስሌት ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦ የጂኦሜትሪ መምህር

በስልክ ካልኩሌተር የሚሠራ ነው። በግጦሹ ጥግ የሚገናኙት ጎኖች 104 እና 120 ናቸው። ልዩነታቸው 16 ሲሆን በራሱ ሲባዛ 256 ይሆናል። የሁለቱ ጎኖች ብዜት 12480 ነው፤ ለ400 (ለ20 በ20) ሲካፈል 31.2 ይሆናል፤ ይህን በ19.84 ሁለት ጊዜ ሲያባዙት 12281 ገደማ ያገኛሉ። 256 ሲደመርበት 12537፣ የዚህ ስኩዌር ሩት ደግሞ 111.97 ነው። ሰያፉ 112 ሜትር ነው ብለን እንውሰድ።

አሁን የመጀመሪያው ሦስት ማዕዘን ጎኖች 104፣ 120 እና 112 ናቸው። ድምራቸው በግማሽ 168 ነው፤ ከእርሱ እያንዳንዱ ጎን ሲቀነስ 64፣ 48 እና 56 ይቀራል። አራቱን ቁጥሮች አባዝተው ስኩዌር ሩቱን ሲወስዱ 5376 ካሬ ሜትር ያገኛሉ። በሁለተኛው ሦስት ማዕዘን (78፣ 50 እና 112) የድምሩ ግማሽ 120 ሲሆን፣ ቀሪዎቹ 42፣ 70 እና 8 ናቸው፤ ስፋቱም 1680 ካሬ ሜትር ይሆናል። በጠቅላላው 7056 ካሬ ሜትር ወይም 2.82 ጥማድ ነው። በመጀመሪያ ያሰሉት ከዚህ በ679 ካሬ ሜትር ይበልጥ ነበር። ይህም ከሩብ ጥማድ በላይ ስለሆነ፣ ጎረቤትዎ በየዓመቱ ለሌለ መሬት ኪራይ ሊከፍሉ ነበር ማለት ነው። «በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ» ያሉትም ከ2.82 ጋር እንዴት እንደሚገጥም ልብ ይሏል፤ ጥማድ መጀመሪያውኑ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነውና።

መልስ 3፦ የመሬት ቅየሳ ባለሙያ

ስሌቱ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማሳው ወደ ወንዝ የሚወርድ ከሆነ መለኪያው መሬቱን ተከትሎ ነው የተዘረጋው ወይስ ተመጣጥኖ በአግድም? በካርታ ላይ የሚሰፍረው ስፋት የአግድም ስፋት ነው። ዳገት ላይ መሬቱን ተከትለው 50 ሜትር ለክተው ከፍታው 14 ሜትር ቢሆን፣ የአግድም ርቀቱ 48 ሜትር ብቻ ነው። በተዳፋት አካባቢ ይህ ልዩነት ከሰያፉ ባልተናነሰ ሰዎችን ያጣላል።

ሌላው ማረጋገጫ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች መሠረት ከግጦሹ ጥግ እስከ ድንበር ድንጋዩ ያለው ሁለተኛው ሰያፍ 126 ሜትር መሆን አለበት። ጤፉ ከታጨደ በኋላ ይለኩትና ያመሳክሩ። በስልክ ጂፒኤስ ለማረጋገጥ ካሰቡ ግን፣ ስልኩ በጥቂት ሜትሮች ሊሳሳት ስለሚችል 50 ሜትር ርዝመት ላለው ጎን አልመክርም።

የዋርካው ሥር

መሬቱ ሜዳ ነው ለማለት ይቻላል። ባለ ውሃ ልክ ጎረቤት ጠርተን በ120 ሜትሩ ጎን ላይ ያለውን ቁልቁለት ስንለካ 3 ሜትር ብቻ ሆነ፤ ይህም ርዝመቱ ላይ የሚያመጣው ልዩነት 4 ሳንቲም ገደማ ነው። ውሉን በ2.82 ጥማድ ተፈራርመናል፤ አራቱን ጎኖችና ሰያፉንም በውሉ ላይ አስፍረናል፤ ምስክሮቹም ልኬቱን አይተው ፈርመዋል።

የዋርካው ሥር (ከአጨዳ በኋላ)

ትናንት ከጎረቤታችን ጋር ሁለተኛውን ሰያፍ ለካን። 126 ሜትር ከ20 ሳንቲም ሆነ።