መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር እጄ ስልክ ላይ ነው፤ ምን ሆኜ ነው?

የመንዙ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን 3ኛ ዓመት አካውንቲንግ ነኝ። ትናንት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ኮስት የሚባለውን ኮርስ ላጠና ተቀመጥኩ። ያነበብኩት አንድ ገጽ ተኩል ነው። ሌላውን ሰዓት ቲክቶክ በላው። የሚገርመው ደስ እንኳ አላለኝም። እናቴ የላከችልኝን ባና ተከናንቤ፣ ጣቴ በብርድ እየደነዘዘ ዝም ብዬ ስክሮል አደርጋለሁ። ኪሴ ውስጥ የነዘረ መስሎኝ ሳወጣው ደግሞ ምንም የለም። ስልኩን አባቴ በግ ሸጦ ነው የገዛልኝ፣ "ለትምህርትህ" ብሎ። እሱ ሲደውል ግን አላነሳም። ሱስ ነው ወይስ ስንፍና?

ጣርማበር፦
ጥቅል አትግዛ። አለቀ።

የመንዙ ልጅ፦
ግቢ ዋይፋይ አለ እኮ ወንድሜ።

ሳይኮ ምሩቅ፦
ሱስ ለማለት አትቸኩል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ዝርዝር የጌም ሱስ አለ፤ የስልክ ሱስ የሚባል ግን የለም። የነዘረ የመሰለህም ብዙ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው። ልብ መልእክት ሲጠብቅ ገላ ይሳሳታል።

ቲክቶኩ የሚይዝህ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለማታውቅ ነው። ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ ይህንን ርግብ ላይ አይቶታል። እህሉ በስንተኛው ንቁሪያ እንደሚወርድላት ካላወቀች መንቆሯን አትተውም። አንተም አሥሩ ቪዲዮ እርባና ቢስ ሆኖ አሥራ አንደኛው ያስቅሃል፤ በቃ ተያዝክ።

እኔን የከነከነኝ ግን የአባትህን ስልክ አለማንሳትህ ነው። ከምን እየሸሸህ ነው? አንድ ወረቀት ያዝ። ስልኩን ልታነሳ ስትል የተሰማህን በአንድ ቃል ጻፍ። ለማቆም አትሞክር፤ ጻፍ ብቻ።

ጣርማበር፦
እኔ ብሆን "ራበኝ" ብቻ ነበር የምጽፈው።

የመንዙ ልጅ፦
ሦስት ቀን ጻፍኩ። ትናንት ብቻ 23 ጊዜ። "ደበረኝ" 5፣ "ብርድ" 2 (አትሳቁ)። 16ቱ "ፈራሁ" ነው፤ አብዛኛው ኮስት በገለጥኩ በ10 ደቂቃ ውስጥ። ሚድ ከ30 9 ነው ያመጣሁት። ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ደግሞ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ትምህርት እንዴት ነው?" ብሎ ነው።

ዛሬ አነሳሁለት። ውጤቱን ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "የዚያው ብርድ ከኛ ይብሳል እንዴ?" አለኝ።