የእርጅና ቅናሽ የተያዘበት ሕንጻ ሲሸጥ ግብሩ ከየትኛው ዋጋ ይነሳል?

ሰላም ወገኖች፣ የግብር ሒሳብ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ኮምቦልቻ ላይ የምናከራየው ሕንጻ አለን፤ ታች ፋርማሲ፣ ላይ ቢሮዎች። አባታችን መዝገብ በሥርዓት ስለሚይዝ በየዓመቱ 5 በመቶ የእርጅና ቅናሽ (ሕንጻው ያረጃል ተብሎ ግብር ከሚከፈልበት የኪራይ ገቢ ላይ የሚቀነስ ሒሳብ) ሲቀነስለት ኖሯል። አሁን ልንሸጠው ነው።

በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ ከተገኘው ጥቅም 15 በመቶ ይከፈላል። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ግራ ያጋባኝ ጥቅሙ የሚሰላበት መነሻ ነው።

ሕንጻው 2 ሚሊዮን ብር ፈጅቷል። በዓመት 100,000፣ በ8 ዓመት 800,000 ተቀንሷል። መዝገቡ ላይ የቀረው 1.2 ሚሊዮን ነው። በ9 ሚሊዮን ቢሸጥ፣ ከሙሉ ወጪው ከተነሳን ግብሩ 1,050,000 ይሆናል። ከመዝገብ ዋጋው ከተነሳን ደግሞ 1,170,000። የ120,000 ብር ልዩነት ለእኛ ቀላል አይደለም፣ ከእናታችን መጦሪያ ላይ ነው የሚሄደው።

አንድ የሒሳብ ባለሙያ «ቅናሹን አንዴ ተጠቅማችሁበታል፣ ድጋሚ አይታሰብላችሁም» አለን፤ ከመዝገብ ዋጋው ይነሳል ማለቱ ነው። ደሴ ያለው ሌላኛው «ግንባታው የፈጀው ሙሉ ወጪ ይያዛል» ይላል። የመጀመሪያው ለእኔ ሚዛን ይደፋል፤ ግን በግምት መፈረም አልፈልግም።

እንዲህ ያለ ሕንጻ ሸጣችሁ የምታውቁ፣ የተያዘላችሁ የትኛው ነው? የሲሚንቶና የብረት ደረሰኞቹ ቀለማቸው ቢደበዝዝም አሉን፤ እነሱስ ይቀበሉናል?