አባ ዳሚያን በሥጋ ደዌ ሲያዙ ሌሎቹ እንዴት ተረፉ?

ዘካርያስ፦
ሰላም ቤቶች። በሃዋይዋ የሞሎካይ ደሴት ተለይተው የተቀመጡ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያገለገሉት ቄስ፣ አባ ዳሚያን፣ ያስታመሙት በሽታ ገደላቸው። እማሆይ ማሪያን ኮፕ ግን ከ1888 ጀምረው እዚያው አገልግለው፣ በ1918 በ80 ዓመታቸው ሲያርፉ ሥጋ ደዌ አልነካቸውም። ወንድም ጆሴፍ ዳተንም ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ አልተያዘም። አባ ዳሚያንን ያስያዛቸው ከሕሙማን ጋር አንድ ገበታ መብላታቸው ነው የሚባለው ልክ ነው? (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

የታሪክ ወዳጅ፦
መብላታቸውስ እውነት ነው። ከጎደሬ የሚሠራውን ፖይ አብረው በጣት እየጠነቆሉ ይበሉ ነበር፤ ፒፓቸውንም ያውሳሉ። ቁስል ያጥባሉ፣ ሣንቃ ሰንጥቀው የሬሳ ሳጥን ይመታሉ፣ ጉድጓዱንም ራሳቸው ይቆፍራሉ። ካላዋዎ፣ የሕሙማኑ መንደር፣ የገቡት ሜይ 10 ቀን 1873 ነው። የታሰበው አራት ቄሶች እንዲፈራረቁ ነበር፤ የመጀመሪያው ተረኛ እሳቸው ሆኑና በዚያው ቀሩ። ሐኪሙ ሐንሰን ኖርዌይ ውስጥ የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው በዚያው ዓመት ስለሆነ፣ ያኔ መተላለፊያውን በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። በ1884 መጨረሻ እግራቸውን የፈላ ውሃ ውስጥ ነከሩ፤ ቆዳው ውሃ ሲቋጥር አዩት እንጂ አልተሰማቸውም። ያረፉት በ1889 የሕማማት ሰኞ፣ በ49 ዓመታቸው ነው።

ቆዳ ክፍል፦
ገበታውን ተዉት። ዋናው መተላለፊያ ለረጅም ጊዜ ተቀራርበው ሲኖሩ ካልታከመ ሰው አፍንጫና አፍ የሚወጣው ጠብታ ነው። ከመቶ ሰው 95ቱ ገደማ ባክቴሪያው ቢገባበት እንኳ ሰውነቱ ይከላከለዋል፤ አባ ዳሚያን ከቀሩት ወገን የነበሩ ይመስላል። እማሆይ ማሪያን እጅ መታጠብን አጥብቀው ያዝዙ ነበር፤ ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ለመትረፋቸው ብቻውን ምክንያት አላደርገውም። በሽታው እስኪወጣ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ስለሚፈጅ የተያዙበትን ቀን መቁረጥ አይቻልም።

ዘካርያስ፦
የፈላው ውሃ ለምን አላቃጠላቸውም?

ቆዳ ክፍል፦
አቃጥሏቸዋል፤ ሕመሙን ነው ያጡት። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ባለው የሰውነት ክፍል፣ ከቆዳ ሥር ያለውን ነርቭ ይበላል፤ አስቀድሞ የሚጠፋው ሙቀትና ቅዝቃዜ መለየቱ ነው። ጣት የሚያሳጣውም እንደሚወራው ሥጋው እየበሰበሰ አይደለም፤ ያልተሰማ ቃጠሎና ጠጠር ቆስሎ፣ አመርቅዞ፣ አጥንት ሲደርስ ነው። ስለዚህ እግሩ የደነዘዘበት ሰው ውሃውን በክርን ይለካ፣ ወይም ሌላ ሰው ይንካለት። ለብ ባለ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፎ፣ ሳይደርቅ ቫዝሊን ይቀባ። ጫማ ከማጥለቁ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳስስ፤ እጁም ከደነዘዘ አራግፎ በዓይኑ ይይ።

መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን ነው፤ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ክሎፋዚሚን ቆዳውን ሲያጠቁርበት “ሰው አወቀብኝ” ብሎ ነው። ጥቁረቱ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም፤ የደነዘዘ ነጠብጣብ ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ይታይ።